ማንጎው ተውበት እስኪያደርግ

ስልኬ ሲጠራ ሆሞሻ ወረዳ፣ ከቢሮዬ ደጃፍ ቆሜ ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ ማሳው ወሰን እየተከራከርን ነበር። የደወለችው ሲስተር ትዕግስት ናት፤ አሶሳ ሳለሁ በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን የኖርን ነርስ። "እትዬ ከዲጃ አረፉ" አለችኝ። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ "ማንጎው ደግሞ ገና ተውበት አላደረገም። ምን ባደርገው ይሻላል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ገበሬው ፊቴን አይቶ ኖሮ ክርክሩን ተወውና "ማን ሞተብህ?" አለኝ።

"አከራዬ።"

"አከራይ ሞቶ እንዲህ የሚያዝን ሰው አላየሁም" አለና ራሱን ነቀነቀ።

እውነቱን ነው፤ እኔም አላየሁም። በመንግሥት ሥራ ከወረዳ ወረዳ ስዞር ብዙ አከራይ አሳልፌአለሁ፤ ስማቸውን እንኳ የረሳሁት ይበዛል። እትዬ ከዲጃን ግን ልርሳ ብልም አፍንጫዬ አይፈቅድልኝም። አቼቶ በሸተተኝ ቁጥር፣ ምግብ ቤት ገብቼ ሰላጣ ፊት ተቀምጬም ቢሆን፣ ያ የሚያፏጭ ደረታቸው ከኋላዬ የመጣ ይመስለኛል።

የማንጎውን ተውበት ለማስረዳት ግን ከበሩ መጀመር አለብኝ።

አሶሳ በዝውውር እንደመጣሁ ቤት የሚከራይ አለ ተብዬ ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሰፊ ፊት፣ ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ቀሚስ። ሥራዬን አልጠየቁም፤ ሃይማኖቴንም፣ ሚስት ይኑረኝ አይኑረኝም አልጠየቁም። "ቦርሳህን ክፈት" አሉኝ። እንደ ሞኝ ከፈትኩ። ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱና ሸሚዞቼን አንድ በአንድ አሸተቱ።

"በረኪና ይዘሃል?"

"አልያዝኩም።"

"ወደፊትስ?"

"ወደፊት እንጃ።"

"ወደፊትም አትይዝም። ግባ፣ አብሽር።"

ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ኬላዎችን በሥራ ምክንያት ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ። እንደ እትዬ ከዲጃ በር የሚፈትሽ ግን አልገጠመኝም። እኛ ተከራዮቹ በሩን "ኬላው" ነበር የምንለው። የኬላው ዋና ተጠርጣሪ ደግሞ ሲስተር ትዕግስት ነበረች። ከሆስፒታል ስትመለስ ልብሷ በረኪና በረኪና ስለሚሸት እንዳለች መግባት አይፈቀድላትም። ጎረቤታችን አቶ አልቃሲም ከቀርከሃ አልጋና ወንበር እየሠሩ የሚሸጡ የበርታ ሰው ናቸው፤ እትዬ ከዲጃ ለምነዋቸው ከበሩ ጎን ትንሽ የቀርከሃ መከለያ ሠሩላት። ነጭ ጋውኗን እዚያ አውልቃ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ውጪ ሚስማር ላይ ሰቅላ ነው የምትገባው።

"ስንት ተምሬ ያገኘሁትን ጋውን አጥር ላይ አንጠልጥዬ ልግባ?" ብላ አምርራ ነበር መጀመሪያ ሰሞን።

"ጋውንሽስ ተምሯል" አሏት እትዬ ከዲጃ፣ "ያልተማረው የኔ ደረት ነው። ምን ላድርገው?"

የደረታቸው ነገር እንዲህ ነው። እትዬ ከዲጃ በሰፈራው ጊዜ በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ከወሎ የመጡ ናቸው። ያደጉት ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሰፋሪዎች መንደር ነው። ዕድሜአቸውን እዚህ ጨርሰው አነጋገራቸው ግን ከወሎ ንቅንቅ አላለም፤ "ከቤት" ማለት አይሆንላቸውም፣ "ተቤት" ነው። አግብተው ከተማ ከገቡ በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፈቱ። አንድ የዓረፋ ዋዜማ ለእንግዶቻቸው ሽንት ቤቱን አሳምረው ሊያጥቡ ፈልገው የሽንት ቤት አሲድ አፈሰሱበት። አሲዱ ያነሰ ስለመሰላቸው በላዩ በረኪና ጨመሩ። ሽታው ወደ ምግቡ እንዳይሄድ ብለው ደግሞ በሩን በራሳቸው ላይ ዘጉት።

"ሁለቱ ተጣሉ" ይሉ ነበር ሲያወሩት፣ "እኔ መሃላቸው ገባሁ።"

ሰው ጎትቶ አወጣቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ደረታቸው ግን ከዚያ ወዲህ ማፏጨት ጀመረ። ሐኪሙ ከበረኪና እንዲርቁ አዘዛቸው። እትዬ ከዲጃ ደግሞ በግማሽ መታዘዝ አያውቁም፤ እሳቸው በመራቅ ፋንታ በረኪናው እንዲርቅ አደረጉት። ምግብ ቤቱን ዘጉ፤ ባላቸው ሲሞቱ ግቢውን ማከራየት ጀመሩ። ኪራይ ቢዘገይ ይታገሳሉ፤ ሬዲዮ ቢጮህ ይታገሳሉ። በረኪና ላይ ሲደርስ ግን ትዕግሥታቸው ያልቃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ቤት በምን ይጸዳል ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ለመልሱ እጄን ይዘው ወደ ጓዳቸው ወሰዱኝ። ውስጡ ያለው ሁሉ ለምግብ የተገዛ ይመስል ከፊሉ ሎሚ፣ ከፊሉ ጨው፣ ከፊሉ እንደ ሻይ የሚፈላው ቀይ አበባ፣ ከርከዴ ነው። የተጨመቀ ሎሚ አይጥሉም፤ ቅርፊቱ ላይ ጨው ነስንሰው የድስት ቂጥ ያሹበታል። አመድ በወንፊት ነፍተው ቅባት የጠጣ መጥበሻ ላይ ያለብሱታል። የውሃ መውረጃው ቱቦ ሲደፈን ቤኪንግ ሶዳ ይጠቀጥቁና ሞቅ ያለ አቼቶ ይለቁበታል፤ አረፋው ሲንጫጫ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። "እነዚህ ሲጨቃጨቁ ሰው አይጎዱም" ይላሉ፣ "ባልና ሚስት ናቸው።"

ሳህን ከታጠበ በኋላ አውራ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ ጫን አድርገው ይጎትታሉ። ሲጥ ካለ ጸድቷል፤ ዝም ካለ ተመልሶ ይታጠባል። እኔ ወንደላጤ ነበርኩ፤ ዕቃ የማጥበው ሌላ ዕቃ ሲያልቅብኝ ነው። እትዬ ከዲጃ በመስኮቴ እጃቸውን ሰደው ሳህኔን ያነሱና ጣታቸውን ይጎትቱበታል። ዝም። ፊቴን ያያሉ። እኔም ሳህኑን ተቀብዬ ወደ ቧንቧው እሄዳለሁ።

ከሲስተር ጋር ያላቸው ክርክር ግን የሳህን ብቻ አልነበረም። ሲስተር አንዱን ጀርም ከሌላው ለይታ የምታውቅ፣ ሥራዋን የምትወድ ሰው ናት፤ በሎሚና በጨው የምትደለል አይደለችም።

"እትዬ፣ ጀርም ሰላጣ አይፈራም" አለቻቸው አንድ ቀን።

እትዬ ከዲጃ ገቡና አቼቶ በሻይ ብርጭቆ ቀድተው ወጡ። ፉት አሉት። ግራ ዓይናቸው ብቻውን ተጨፈነ፤ ቀኙ እንደፈጠጠ ቀረ። ጎምዛዛ ሲቀምሱ ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው። "እኔ የማልጠጣውን ሳህኔ ላይ አላፈስም" አሏት። "በይ እንግዲህ አንቺም በረኪናሽን ጠጪ።"

"እሺ፣ ልብስ የሚያጥቡበትን እንዶድስ ይጠጡልኛል?"

እትዬ ከዲጃ ትንሽ አሰቡ። "እንዶድ ለልብስ ነው" አሉ። "ልብሴን መቼ እበላለሁ?"

ሲስተርም እጅ የምትሰጥ አልነበረችም። አንድ ቅዳሜ በረኪና በሻይ ፔርሙስ ሞልታ ክዳኑን አጥብቃ ኬላውን በሰላም አለፈች። እኔ አይቻታለሁ፤ በጥቅሻ ዝም አስባለችኝ። ክፍሏ ገብታ ወለሉን ልታጥብ ክዳኑን ከፈተች። እትዬ ከዲጃ በግቢው ወዲያኛው ጫፍ ሽንኩርት ይልጡ ነበር፤ ደረታቸው ማፏጨት ጀመረ።

"ትዕግስት" አሉ ሳይነሱ፣ "ሻይሽ ሸተተኝ።"

ፔርሙሱን አቅፋ ወጣች። እሱም ከጋውኑ ጎን አጥር ላይ ተሰቀለ።

እሳቸውም ቢሆኑ የሚሸነፉበት ቀን ነበራቸው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን የውሃ ነጭ ቅርፊት ከርከዴ ያስለቅቀዋል ብለው ሞከሩ። እውነትም አስለቀቀው። የተረፈውን ቀይ ውሃ ነጭ ሻርፓቸው ላይ ደፉት። ቀዩን ላጥፋ ብለው ቤኪንግ ሶዳ ሲነሰንሱበት ቀዩ ወደ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ሄደ። ሲስተር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በሩን ዘግታ ተቀመጠች። እትዬ ከዲጃ ግን ሻርፑን አድርቀው ለበሱትና ገበያ ወጡ። ከየት አገኙት ሲባሉ "ተሱዳን የመጣ ነው" ይላሉ። እኛ ዘንድ መጥተው እንደሱ ያለ አስመጡልን ያሉን ሴቶች ነበሩ።

አሁን ወደ ማንጎው ደረስን። በማንጎ ወቅት አሶሳ ውስጥ ማንጎ የሚገዛ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው። ቆርቆሮ ላይ ይወድቃል፣ መንገድ ላይ ይረገጣል፣ ፍየል እንኳ ጠግቦ ያልፈዋል። እትዬ ከዲጃ ደግሞ የሚጣል ነገር ሲያዩ እጃቸው ይበላቸዋል። ከሱቅ የሚገዙት አቼቶ ለመስኮትና ለወለል አልደርስ ስላላቸው፣ አቼቶ ከፍራፍሬ ይሠራል ሲባል የሰሙትን ይዘው ተነሡ። የወደቀ ማንጎ ለቅመው፣ አጥበው፣ ፈጭተው፣ ውሃ ጨምረው በፕላስቲክ በርሜል አኖሩት፤ አፉን በጨርቅ አሰሩት። ከቀናት በኋላ በርሜሉ መንሾካሾክ ጀመረ። "ነፍስ ዘርቷል" አሉ በኩራት። አጠለሉትና አተላውን በአጥሩ ላይ ወደ አቶ አልቃሲም ግቢ ጣሉት፤ ለፍየሎቹ ደግ የሠሩ መስሏቸው።

ከሰዓት በኋላ አቶ አልቃሲም መጡ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ቆባቸው ተጣሟል።

"ከዲጃ፣ ፍየል የኔ ታመመ። ና እየው።"

ሁላችንም ሄድን። አንዷ ፍየል አዲስ የቀርከሃ አልጋ ላይ ወጥታ ልትተኛ ትሞክራለች፤ እግሯ በቀርከሃው መሃል እየገባ ይቸግራታል። ሌላዋ ግንባሯን አጥሩ ላይ ደግፋ አንድ ነገር እንደከነከናት ቆማለች። ትልቁ ሙክት መንገዱን ለብቻው ይዞ፣ ወዲህ ሁለት ርምጃ ወዲያ ሁለት ርምጃ እያለ፣ ባጃጅ አስቁሟል።

"መርዝ በላ?" አሉ አቶ አልቃሲም። "ይሄ ፍየል እንደዚህ ሄዶ አያውቅም፣ ወላሂ።"

ሲስተር ጎንበስ ብላ የአንዷን አፍ አሸተተች። ቀና አለች፤ ደግማ አሸተተች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

"አልታመሙም" አለች። "ሰክረዋል።"

"ኸረ በምን?" አሉ እትዬ ከዲጃ።

"በእርስዎ ማንጎ።"

የእትዬ ከዲጃን ፊት ያን ጊዜ ማየት ነበር። አንድ ሰላት የማያሳልፉ፣ ጠላ ከተቀመጠበት ቤት ውሃ የማይጠጡ ሴት ናቸው። ያ አረንጓዴ ሻርፕ አፋቸው ላይ ሄደ። "አስተግፊሩላህ" አሉ። "በኔ ግቢ መጠጥ ተጠመቀ።" በርሜሉ አሁኑኑ ይደፋ አሉ። ወዴት እንደሚደፋ ደግሞ ጨነቃቸው፤ የትም ቢደፋ ፍየል አለ።

"ቆይ" አሉ አቶ አልቃሲም። "መጀመሪያ ሼህ እንጠይቅ።"

ሄድን። ናሙናውን በጆግ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ እትዬ ከዲጃ ሊነኩት አልፈለጉም፣ አቶ አልቃሲምም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገዋል። ሼሁ አሸተቱትና አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙ፤ የሙክቱን ታሪክ ሁለቴ አስነገሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ በራሱ ጊዜ ተለውጦ አቼቶ ከሆነ ንጹሕ ነው፣ ችግር የለውም። መሃል ላይ ሳለ ግን አይጠጣም፣ አይሸጥም፣ ለማንም አይሰጥም። "ለፍየልም ቢሆን" ብለው ጨመሩ።

"ለመለወጥ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?" አሉ እትዬ ከዲጃ።

"ሰው ተውበት ለማድረግ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አውቃለሁ? ጠብቂው። ሲመለስ ሽታው ይነግርሻል።"

ተውበት ማለት ከበደል መመለስ ነው፤ ሼሁ ለጨዋታ ያህል ነው ያሉት። እትዬ ከዲጃ ግን ቃሉን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ማንጎ በርሜል ከገባ በኋላ ፊታቸውን ያዞሩበታል። በአጠገቡ አያልፉም። ወደ ልብስ ማስጫው ለመሄድ ግቢውን ዙሪያውን ይሽከረከራሉ። ጠባቂዎቹ እኔና ሲስተር ሆንን።

"እናንተ ክርስቲያኖች ናችሁ" አሉን። "እስኪመለስ ድረስ ኃላፊነቱ የናንተ ነው።"

በረኪና ካልሆነ ጀርም አይሞትም ትል የነበረችው ሲስተር በየማለዳው ጨርቁን ገልጣ ማንጎ የምታሸት ሆነች። "ምን ይላል?" ይላሉ እትዬ ከዲጃ ከሩቅ ፊታቸውን እንዳዞሩ። "ገና በዓለም ነው" ትላቸዋለች። አንድ ቀን "ተመልሷል መሰለኝ" ስትል ይመጡና በማንኪያ ይቀምሳሉ። ግራ ዓይናቸው ከተጨፈነ አልቋል፤ በርሜሉ ወደ ጓዳ ይገባል፣ መስኮቶቹ ሁሉ ይታጠባሉ፣ ግቢው ለሳምንት ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል።

ይህን ሁሉ ስተርክ የሳቅና የጨዋታ ሰው ብቻ አስመሰልኳቸው። አንድ ክረምት ያየሁባቸውን ካልተናገርኩ ግን አላወቅኋቸውም ማለት ነው።

ዝናቡ በርትቶ የአቶ አልቃሲም ሽንት ቤት ተደረመሰ፤ ቤተሰባቸው በሙሉ የእኛን መጠቀም ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ በሰፈሩ ተቅማጥ ገባ። የአቶ አልቃሲም የልጅ ልጅ፣ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ፣ በአንድ ቀን ዓይኑ ጎደጎደ። ሲስተር ከሆስፒታል መጣች። መከለያው ውስጥ አልገባችም፤ ጋውኗን እንደለበሰች ከበሩ ውጪ ቆመች። እግሯ ሥር ጀሪካን አለ። ምን እንደያዘ ለመጠየቅ አላስፈለገም፤ የእትዬ ከዲጃ ደረት እየነገረን ነበር።

"እትዬ፣ ዛሬ ልከራከርዎት አልመጣሁም። ልለምንዎት ነው።"

"አቼቶውስ?"

"አቼቶው መስኮት ያጸዳል፣ ድስት ያጸዳል። ይሄን በሽታ አይገድለውም። ሽንት ቤቱ በዚህ ካልታጠበ ሌላም ልጅ ይታመማል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

እትዬ ከዲጃ የበሩን መቀርቀሪያ ይዘው ቆሙ። ፉጨቱ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር በሩን የሚዘጉት መስሎኝ ነበር፤ ቢዘጉትም አልፈርድባቸውም። ትንፋሽ አጥቶ መሬት ላይ የመንፈራገጥን ነገር ከመሃላችን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"እንግዲያው" አሉ በመጨረሻ፣ "መጀመሪያ የኔን አቼቶ አስወጡ። ሁለቱ በአንድ ግቢ አያድሩም። እኔ ጠባያቸውን አውቃለሁ።"

ያን ዕለት ከግቢያችን የወጣው ጓዝ ቤት የምንለቅ ያስመስል ነበር። በርሜሉን እኔና አቶ አልቃሲም ተሸከምን። ጀሪካኖቹ ተከተሉ፤ የሎሚው ሳህን ተከተለ፤ የከርከዴው ከረጢት ሳይቀር ወጣ።

"ከርከዴው ምን አጠፋ?" አልኳቸው።

"እሱም ኮምጣጣ ነው። አላምነውም።"

የሽንት ቤት አሲድ በግቢው እንደሌለ ሦስቴ አስማሉን። በመጨረሻ ራሳቸው መስገጃቸውንና አንድ ወንበር ይዘው ወጡ፤ መንገዱን ተሻግረው ነፋሱ ወደማይወስድበት ወገን፣ አቶ አልቃሲም ሥራቸውን የሚያሳዩበት ዳስ ውስጥ ተቀመጡ። በሻርፓቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ከዚያ ሆነው ማዘዝ ጀመሩ። መቀርቀሪያውን ረሳችሁት። ግድግዳውንም ተመለሱበት። ውሃ ጨምሩበት፣ አታወፍሩት። ከሁሉ በላይ የደጋገሙት ግን አንድ ነገር ነው።

"በሩን ክፈቱት። ትዕግስት፣ በሩን እንዳትዘጊ። በሩ ክፍት ነው?"

"ክፍት ነው፣ እትዬ።"

ትንሽ ይቆዩና ደግሞ፣ "በሩ ክፍት ነው?"

ሲስተር መጥረጊያውን እንደያዘች ቀና ብላ መንገዱን አሻግራ አየቻቸው። "ክፍት ነው" አለች። እኔም ያን ሰዓት ነው የወደድኳቸው። እስከዚያ ድረስ ያስቁኝ ነበር።

ግቢው እስኪናፈስ ድረስ ቤታቸው አልገቡም። አቶ አልቃሲም ቤት እያደሩ ልጁን በማንኪያ የጨውና የስኳር ውሃ ሲያጠጡ ሰነበቱ፤ አልጠጣም ሲል አፍንጫውን ነካ አድርገው "በል አብሽር፣ ሙክቱም ተሽሎታል" ይሉታል። ማታ ማታ ተከራዮቻቸው መብራት አብርተው ሲገቡ፣ እሳቸው እንደ እንግዳ ከመንገዱ ማዶ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የገዛ ቤታቸውን ያዩ ነበር። ልጁ ዳነ። ሰፈሩም ቀስ በቀስ ተነፈሰ።

የተመለሱ ቀን ሲስተር ግቢውን በውሃ ደጋግማ አጥባ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍታ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። እሳቸው መጀመሪያ መቀርቀሪያውን አሸተቱ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ በመጨረሻ የእሷን እጅ።

"ትሸቻለሽ" አሏት።

"ሦስቴ ታጥቤአለሁ፣ እትዬ።"

"ገና ነሽ።" እጇን ግን አልለቀቁትም። "ግቢ። ዛሬ ብቻ ነው ደግሞ።"

እኔ ከዚያ በኋላ ወደ ሆሞሻ ተዛወርኩ። አሶሳ ብቅ ባልኩ ቁጥር የማንጎ አቼቶ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሰጡኛል፤ ለወለልህ ነው፣ ለሆድህ አይደለም ይሉኛል። ሁላችንም የምንሳሳው ለደረታቸው ነበር። ሲያፏጭ እንደነግጣለን፣ ሲተው ደግሞ ሄደን እናያቸዋለን። የወሰዳቸው ግን ደም ግፊት ነው። ሲስተር በስልክ ይህን ስትነግረኝ ተናዳ ነበር፤ አታልሎ በሌላ በር የገባ ይመስል።

በማግስቱ ከሆሞሻ በመጀመሪያው መኪና ተነሥቼ ደረስኩ። ቀብሩ ተፈጽሟል፤ ድንኳን ተጥሏል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል። አቶ አልቃሲም የቀርከሃ ወንበሮቻቸውን በሙሉ አውጥተው ለለቅሶተኛ ደርድረዋል። በሩ ላይ የቆመችው ሲስተር ትዕግስት ናት፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ዓይኗ አብጧል። ከበሩ ውጪ፣ ድሮ ጋውኗን በምትሰቅልበት አጥር ሥር፣ የበረኪና ጠርሙሶች ተደርድረዋል። የሰፈሩ ሴቶች ለለቅሶተኛው ሳህን ሊያጥቡ፣ ወለል ሊወለውሉ ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። አንዷ ግን ጠርሙሷን አልሰጥም ብላ ቆማለች።

"እህቴ፣ እሳቸው እኮ የሉም" ትላታለች። "አሁን ማንን ይጎዳል?"

"ሽታውን አይወዱትም" አለች ሲስተር።

ሴትየዋ ትንሽ አየቻትና ጎንበስ ብላ ጠርሙሷን ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠች። በበሩ አሻግሬ ሳይ በግቢው ጥግ በርሜሉ አለ፤ አፉ በአረንጓዴው ሻርፕ ታስሯል።

"ማንጎውስ?" አልኳት።

"ገና ነው። እየጠበቅኩት ነው።"

ላቅፋት እጆቼን ዘረጋሁ። እሷ ግን እጇን ወደ ትከሻዬ ሰደደችና ቦርሳዬን ያዘች። "ክፈት" አለችኝ። ከፈትኩላት። ጎንበስ ብላ፣ እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ እየወረደ፣ ሸሚዞቼን አንድ በአንድ አሸተተች።

"ግባ" አለችኝ ቀና ብላ። "አብሽር።"